በቫኗ ጉሮሮ የገባው የቆርቆሮ አበባ

«ሁለት ሰው ይውረድልኝ!» አሉ አባባ ማኖል፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው።

ማንም ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ቫኗ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ዳገቱን ትቧጥጣለች፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ቢኖር ቀድሟት ያልፍ ነበር። ከኋላዋ የምትተፋው ጥቁር ጭስ መንገዱንም የጥድ ዛፎቹንም ጋርዷቸዋል።

«ባለፈው እኔና ስቶያንካ ወርደናል» አሉ የዘፋኞቹ መሪ እማማ ዮርዳና። «ዛሬ ተራው የሌላ ሰው ነው።»

«ተራው ይቅርና በኪሎ ይሁን!» አሉ አንዷ ከኋላ ወንበር።

«በኪሎ ከሆነማ መጀመሪያ የምትወርጂው አንቺ ነሽ!»

ሳቁ ቫኗን ሞላት። ሰባቱም የብሬስቶቮ መንደር ዘፋኞች ከስድሳ አምስት ዓመት በላይ ናቸው፤ ሲዘፍኑ ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ የሚያዳምጣቸው፣ ሲሟገቱ ግን ማንም የማይችላቸው ሴቶች። ከሾፌሩ፣ ከአያቷ ጎን የተቀመጠችው ሮሲጻ ግን አልሳቀችም። የአያቷ ጆሮ በርበሬ መስሎ መቅላቱን አይታለች። አባባ ማኖል በዚሁ በሮዶፒ ተራራ መንገድ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ተሳፋሪ «ውረድልኝ» ብለው አያውቁም።

በመጨረሻ በሩን የከፈቱት እማማ ኤቭዶኪያ ናቸው፤ የሰማንያ ሁለት ዓመቷ አዛውንት። «እኔ ልውረድ። ጉልበቴ ከዚች ቫን ሳይሻል አይቀርም» አሉና መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው በመንገዱ ጠርዝ አዘገሙ። አንድ ሌላ ዘፋኝም አፍረው ተከተሏቸው።

ቫኗ እንደምንም ዳገቱን ጨርሳ ለበዓሉ የሚለማመዱበት መንደር ስትደርስ፣ እማማ ዮርዳና ከአባባ ማኖል ጎን ቀርተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማኖል፣ ሐቁን እንነጋገር። የቅዱስ ኤልያስ ዕለት ለመዝፈን የምንወጣው ዳገት የዚህ እጥፍ ነው። የስቶያንካ የእህቷ ልጅ በመኪናው ሊያደርሰን ይችላል። ከአራት ሰው በላይ ግን አይይዝም።»

«ሦስቱስ?»

«ሦስቱ ይቀራሉ።»

ማን እንደሚቀር መናገር አላስፈለገም። እማማ ኤቭዶኪያ እንደ ልማዳቸው «እኔ ልቅር» ይላሉ። እሳቸው ከቀሩ ደግሞ ዘፈኑን ሁሉ ከሥር የሚሸከመው ወፍራም ድምፅ አብሮ ይቀራል።

ሮሲጻ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስሞልያን ከተማ በሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና መማር ከጀመረች አንድ ዓመት ሞልቷታል፤ ከአሥራ ሰባት ወንዶች መሐል ብቸኛዋ ሴት ናት። ዳገቱ ላይ አንድ ነገር ጆሮዋ ገብቶ ነበር። ከሞተሩ ጩኸት ሥር «ስስስ» የሚል ቀጭን ፉጨት፤ ነዳጅ ሲሰጥ ይመጣል፣ ሲለቀቅ ይጠፋል። አባባ ማኖል አልሰሙትም። አንዱን ጆሯቸውን የአውቶቡሱ ሞተር ከወሰደባቸው ቆይቷል።

በማግስቱ ጠዋት አሴን ብስክሌቱን አጥሩ ላይ ጥሎ ሮጦ ገባ። አሴን የሮሲጻ ጎረቤትም የክፍል ጓደኛም ነው። የክረምቱን የተግባር ሥራ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሠሩ መምህራቸው ሲመድቧቸው አብረው ስለደረሳቸው፣ የሥራ መዝገብ ደብተራቸውም አንድ ነው። በመንደሩ ስሙን የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው፤ ለፋሲካ የቤተ ክርስቲያኑን መብራት አሳምራለሁ ብሎ መንደሩን በሙሉ ካጨለመ ወዲህ «ፊውዝ» ነው የሚሉት።

«ጉድ ላሳይሽ» አለና ከኪሱ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አወጣ። የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያክል ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ስድስት ቅጠሎቹ እንደ አበባ ተጠማዘው ወጥተዋል።

«ምንድን ነው? የብስኩት ቅርጽ ማውጫ?»

«ሙድ አትያዢ! አየር ማሽከርከሪያ ነው። ወደ ሞተር የሚገባው አየር እየተሽከረከረ ከገባ ናፍጣው ሙልጭ ብሎ ይቃጠላል። ከመቶ ሃያ አምስት ነዳጅ ይቆጥባል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠው ሰውዬ ነዋ።»

«እሱማ ምን ይበል!»

ቢሆንም ኮፈኑን አብረው ከፈቱ። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ሲከፍቱ ሁለቱም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አይጥ ቤት ሠርታበታለች፤ የበግ ጸጉር፣ ደረቅ ሣር፣ የለውዝ ልጣጭ፣ ምን የሌለ ነገር አለ። ማጣሪያው ራሱ ከአቧራው ብዛት የአሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ መስሏል።

«አባባ፣ ይሄ ከተቀየረ ስንት ዓመቱ ነው?» አለች ሮሲጻ።

አባባ ማኖል ጢማቸውን ዳበሱ። «አዲሱን ገዝቼ መጋዘን አስቀምጬዋለሁ። ነገ እቀይረዋለሁ ስል…»

«ስንት ነገ?»

«አንድ ሁለት ዓመት ቢሆን ነው።»

አዲሱ ማጣሪያ ተፈልጎ መጣ። አሴን ከማጣሪያው ጀርባ ያለውን ቱቦ ፈቶ አበባውን ጉሮሮው ውስጥ ሰካና፣ «ይሄ መቀረጽ አለበት፣ ስልኬን ላምጣ» ብሎ ወደ ቤቱ በረረ።

ያ ፉጨት ከሮሲጻ ጭንቅላት አልወጣም ነበር። አያቷን መሪው ጋ አስቀመጠቻቸው። «ነዳጅ ይስጡት፣ አባባ። ጨመር… ጨመር… አሁን ይያዙት!» አለችና መዳፏን በሞተሩ ዙሪያ ቀስ እያለች አዞረች። ከተርቦው፣ ከአየር መጭመቂያው፣ የሚወጣውን አየር ወደ ሞተሩ የሚያደርሰው ወፍራም የጎማ ቱቦ ጫፍ ላይ ስትደርስ፣ ሞቃት ንፋስ መዳፏን ገፋው። እጇን ስትመልሰው ጥቁር ዘይት ነክቶታል።

ሞተሩ ሲጠፋ የተቀደደ ነገር አይታይም። ጎማውን በሁለት አውራ ጣቶቿ ስትለጥጠው ግን፣ ከብረት ማሰሪያው ሥር አንድ ስንጥቅ እንደ አፍ ተከፈተ። ለካ ቫኗ በቆመችበት ስንጥቁ ይዘጋል፤ ዳገት ላይ አየሩ ሲበረታ ተከፍቶ የሞተሩን ድርሻ ሜዳ ላይ ይበትነዋል። አየር ያጣው ናፍጣ ደግሞ ሳይቃጠል ጭስ ሆኖ በእማማ ኤቭዶኪያ አፍንጫ ላይ ይወጣል።

ቱቦው ትንሽ ትርፍ ርዝመት ነበረው። የተሰነጠቀውን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል በቢላ ቆርጣ ጣለች፤ ቀሪውን ስባ አስገባችና ማሰሪያውን በካቻቢቴ ጥርቅም አድርጋ አጠበቀች። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። አሴን ሲመለስ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ነበር።

«ቱቦው ተቀድዶ ነበር፣ አስተካከልኩት» አለችው።

«ምርጥ!» አለ ስልኩን እያስተካከለ። ከዚያ ስልኩን ሰጣት። «በናትሽ፣ አበባውን ሳሳይ አንሺኝ።»

ከሰዓት በኋላ ያንኑ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጡት። ጭስ የለም፣ ፉጨት የለም። አባባ ማኖል መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ «ኧረ ልጅ ሆነች! ኧረ ልጅ ሆነች!» ይላሉ። መንደር ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር፤ አሴን ቪዲዮውን ለቆታል።

በአደባባዩ ካፌ በረንዳ ሰዉ ከበባቸው። የአሴንን ትከሻ የማይመታ አልነበረም። ዳቦ ጋጋሪው ዲንኮ፣ የደን ጠባቂው፣ ቄሱ ሳይቀሩ ለእኔም ለእኔም አሉ። «ማስተር አሴን!» አሉት እማማ ዮርዳና፤ ፊቱ በራ። ሮሲጻ ስለ ቱቦው አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያለች ጠበቀች።

«ሮሲጻስ?» አለ አንድ ሰው።

«እሷ ረድታኛለች» አለ አሴን። አንድ ጊዜ አያትና ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«ረድታኛለች» የምትለዋ ቃል አናደደቻት። ሆኖም እሷም አፏን አልከፈተችም። ሁለት ጣት የተቆረጠ ጎማ ከዚያ ከሚያብረቀርቅ አበባ ፊት ምን ይመስላል? ቢነገርስ ማን ያምናል? «ዋናው ቫኗ መሄዷ ነው» ብላ ራሷን አጽናናች። እራት ላይ አያቷ ለሦስተኛ ጊዜ አሴንን ሲያወድሱ ግን ሾርባዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

ከሁለት ቀን በኋላ አሴን ደብተራቸውን ይዞ መጣ። በክረምቱ መጨረሻ መምህራቸው ደብተሮቹን አንብበው አንድ ተማሪ ይመርጣሉ፤ የተመረጠው ፕሎቭዲቭ ከተማ በሚገኝ ትልቅ ጋራዥ ሁለት ሳምንት ይሠለጥናል። ክፍሉ በሙሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር።

ገጹ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ከአበባው በፊት ለመቶ ኪሎ ሜትር አሥራ ሁለት ሊትር፤ ከአበባው በኋላ ዘጠኝ። ሦስት ጊዜ ተፈትኖ የተረጋገጠ። ሥራውን የሠራው፦ አሴን። ምስክር፦ ባዶ መስመር።

«እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» አለ።

«መቼ ነው የፈተንነው?»

«አቦ፣ ለወጉ እኮ ነው። መሻሏን መንደሩ በሙሉ አይቷል።»

«ቱቦውስ?»

አሴን ፀጉሩን አሻሸ። «እሺ፣ ስሚኝ። አንቺ ቱቦ ቆረጥሽ። ማጣሪያው ተቀየረ። እኔ አበባ አስገባሁ። ሁሉም በአንድ ቀን። የትኛው እንደሠራ በምን ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ነው። ሮሲጻም በእርግጠኝነት አታውቅም።

«እንፈትነዋ» አለች።

«ፋራ አትሁኚ፣ ሮሲ።»

«ሠርቶ ከተገኘ ያኔውኑ እፈርምልሃለሁ።»

አሴን ትንሽ አሰበና ሳቀ። የምሩን እንደሚያምንበት ያን ጊዜ ገባት። «ተዘጋጂ! ብዕርሽን ይዘሽ ጠብቂ!» አለ።

አባባ ማኖል ሐሳቡን ሲሰሙ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ሸለቆው ውስጥ ካለው ማደያ ናፍጣው እስከ አፉ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ግድቡ ደርሶ መልስ ስድሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ ሲመለሱ እንደገና እስከ አፉ ይሞላል፤ የገባው ምን ያህል እንደሆነ ይመዘገባል። በመጀመሪያው ቀን ከአበባው ጋር፣ በሁለተኛው ያለ አበባው፤ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ፍጥነት። ክብደቱም የበዓሉን ቀን እንዲመስል በዘፋኞቹ ፈንታ የድንች ጆንያ ተጫነ። አባባ ማኖል ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ስም አወጡላቸው።

«ይቺ ዮርዳና ናት፣ ፊት አድርጓት። ከኋላ ከተቀመጠች ታኮርፋለች። ስቶያንካን በመስኮቱ በኩል፣ ያዞራታል።»

«እማማ ኤቭዶኪያስ የታሉ?» አለ አሴን ጆንያ ተሸክሞ።

«ያቺ ትንሿ። ቀስ አድርገህ አስቀምጣት፣ ባለጌ!»

ሁለት ቀን ሙሉ ከጆንያዎቹ ጋር እየተጨዋወቱ ነዱ። የእማማ ዮርዳና ጆንያ ቁልቁለቱ ላይ ተንከባሎ አሴን እግር ላይ ሲያርፍ፣ አባባ ማኖል ሳቃቸው እስኪያልቅ መንገድ ዳር ለመቆም ተገደዱ። ሮሲጻ ለነገሩ ሁሉ መነሻ የሆነውን ጉዳይ እስክትረሳ ድረስ ደስ ብሏት ነበር።

ከአበባው ጋር፦ አምስት ነጥብ አራት ሊትር። ያለ አበባው፦ አምስት ነጥብ ሦስት።

አሴን ማደያው ላይ ቆሞ ቁጥሩን ደጋግሞ አየው። «አንድ ጊዜ አይበቃም» አለ። «ነገ ከአበባው ጋር እንድገመው።»

«እንድገመው» አለች ሮሲጻ። ትክክል ነው፤ አንድ ጊዜ አይበቃም።

ግቢ ደርሰው ኮፈኑ ተከፈተ። ሮሲጻ አበባውን ከመሣሪያ ሳጥኑ አንሥታ መልሳ ልትሰካው ስትል አንደኛው ቅጠል ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አየች። በጥፍሯ ነካችው። ቅጠሉ ተነቅሎ መዳፏ ላይ ወደቀ።

አባባ ማኖል ቅጠሏን ከመዳፏ አንሥተው አገላበጧት።

«ይሄ ነገር ከተርቦው ፊት ነበር የተሰካው?» አሉ አባባ ማኖል። ከቅድሙ ሳቃቸው የተረፈ ነገር አልነበረም።

«አዎ።»

«እዚያ ውስጥ ያለችው መዘውር በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ነው የምትዞረው። ይቺ ቅጠል ብትገባባት…» አሉና እጃቸውን አራገፉ። «ሞተሩ አለቀለት። ቁልቁለት ላይ ሞተር ከጠፋ ደግሞ ፍሬኑ ሲረገጥ አልታዘዝ ብሎ ድንጋይ ነው የሚሆነው። እኔ አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል።» ከዚያ ወዲያ ምንም ሳይሉ ጆንያዎቹን ማውረድ ጀመሩ።

አሴን ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። «ዲንኮ» አለ።

«ዲንኮ ምን ሆነ?» አለች ሮሲጻ።

«ትናንት ማታ በዲንኮ መኪና ውስጥ አንድ አስገብቻለሁ። ሁለተኛዋ አበባ ነበረችኝ።»

ዲንኮ በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ከመንደር መንደር ዳቦ የሚያደርስ ሰው ነው፤ መንገዱ በሙሉ አንድም ዳገት አንድም ቁልቁለት ነው።

«ከበዓሉ በኋላ አወጣለታለሁ» አለ አሴን ቀና ሳይል። «አራት ቀን ብቻ ነው የቀረው። የሁሉም ቅጠል አይሰበርም እኮ። አሁን ሄጄ ብነግረው በአንድ ሰዓት ውስጥ መንደሩ ይሰማል። እንደገና ፊውዝ ሊሉኝ ነው፣ ሮሲ።»

ሮሲጻ «አይሉህም» ልትለው ፈልጋ ነበር። ግን ይሉታል። ያውም እየሳቁ፣ ክረምቱን ሙሉ።

«ይሉህ ይሆናል» አለች። ካቻቢቴውን ከሳጥኑ አንሥታ ኪሷ ከተተችው። «እኔ ወደ ዳቦ ቤቱ እየሄድኩ ነው።»

የግቢውን በር አልፋ ጥቂት እንደሄደች የብስክሌቱን ሰንሰለት ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። አልዞረችም። አሴን ብስክሌቱን እየገፋ ደረሰባት፤ ጎን ለጎን እስከ ዳቦ ቤቱ ሄዱ።

ዲንኮ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው። አበባውን ሊያወጡበት መሆኑን ሲሰማ በሁለት እጁ ከለከላቸው። «ኧረ በፈጠራችሁ ተዉልኝ! በጣም ነው የተሻላት! ዛሬ ጠዋት እንዴት እንደበረረች ብታዩ!»

«አልተሻላትም፣ ጋሽ ዲንኮ» አለ አሴን። «ይሻላታል ብለው ስለጠበቁ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ፈትነነው ምንም አይሠራም። ያውም ይሰበራል።» የተነቀለችውን ቅጠል አሳየው።

ዲንኮ ቅጠሏን በዱቄታም ጣቱ አገላብጦ አየ። የአሴንንም ፊት አየ። ሊቆጣ ነው ብላ ሮሲጻ ጠበቀች። እሱ ግን «እና ምን ትጠብቃለህ? ኮፈኑ ክፍት ነው» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሲጨርሱ ከምድጃ የወጣ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ አንዳንድ ሰጣቸው። ዳቦው ያቃጥላል። አሴን በመንገድ እየነከሰ ለደን ጠባቂውና ለቄሱ ደወለ፤ ትእዛዛቸውን ሰረዘ። ምክንያቱን ግን «በኋላ እነግርዎታለሁ» እያለ አለፈው።

የቅዱስ ኤልያስ ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ሰባቱ ዘፋኞች ቀይና ጥቁር የተሸመነ ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ፓታትኒካ የሚሉትን የድንች ቂጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተሳፈሩ። ሮሲጻና አሴን መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሽርጥና በምሳ መሐል ተጣብቀው ተቀመጡ። ቫኗ ከመንደሩ ወጥታ ትልቁን ዳገት ያዘች። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ፤ ሞተሩ ያለ ጭንቀት ያጉረመርማል። ዛፎቹ አነሱ፤ ሜዳው ታየ።

«ማስተር አሴን ይኑርልን!» አሉ እማማ ዮርዳና ዘወር ብለው። «ያቺ አበባህ ባትኖር ዛሬ የት እንገናኝ ነበር!»

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሮሲጻ ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተከለች። ከጎኗ አሴን አየር ሲስብ ሰማችው።

«አበባዋ የለችም፣ እማማ ዮርዳና» አለ። «ከወጣች አራት ቀኗ ነው።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ።

«የለችም ማለት?»

«የለችማ። አውጥተናታል።»

«ማኖል! አቁም! እንወርዳለን!» አሉ እማማ ስቶያንካ የበሩን እጀታ ይዘው። «ያለ አበባ ገደል ሊከተን ነው!»

«የት ነው የምትወርጂው?» አሉ አባባ ማኖል በመስታወቱ እያዩ። «ደርሰናል እኮ።»

እውነትም ደርሰዋል። ቫኗ ሣሩ ላይ ገብታ ቆመች። እማማ ኤቭዶኪያ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ሳቅ ጀመሩ፣ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሳቁ ሲበርድ አሴን ከጀመረው አልተመለሰም። «ቱቦ ነበር የተቀደደው። ያገኘችውም ያስተካከለችውም ሮሲጻ ናት። እኔ… አልተናገርኩም።»

«እኔስ ፊውዝ ያልኩህ በከንቱ አልነበረም» አሉ እማማ ዮርዳና፤ ግን እጃቸውን ዘርግተው ፀጉሩን በተኑት። እማማ ኤቭዶኪያ ደግሞ ወደ ሮሲጻ ዞሩ።

«አንቺስ፣ ልጄ? ይሄን ሁሉ ቀን ምን አፍሽን ያዘው?»

ሮሲጻ ምሳውን ለማውረድ እንደቸኮለች ሆነች።

ከሰዓት በኋላ፣ የበግ ሾርባው በየሳህኑ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ፣ ሁለቱ ከሕዝቡ ትንሽ ራቅ ብለው ሣር ላይ ተቀመጡ። አሴን ደብተሩን ከቦርሳው አወጣ። አሮጌው ገጽ ተቀድዷል። በአዲሱ ላይ ሁሉም አለ፤ የአይጧ ቤት፣ ማጣሪያው፣ ስንጥቁ፣ የሁለቱ ቀን ቁጥር፣ የተነቀለችው ቅጠል። የእማማ ዮርዳና ጆንያ ሳይቀር አለ። ከታች ሁለት ባዶ መስመሮች ቀርተዋል። አንዱ «ጥገናውን የሠራው» ይላል፣ ሌላው «ሙከራውን ያደረገው»።

«ስሙን አንቺ ሙዪው» አለ። «እኔ ከጻፍኩት እንደገና የሆነ ነገር አበላሻለሁ።»

«ፕሎቭዲቭስ?»

«አንድ ሰው ነው የሚሄደው።» ሣር ነቅሎ በጥርሱ ያዘ። «እንደፈለግሽ አድርጊው። ምንም አልልም።»

ሮሲጻ ብዕሩን ተቀበለች። የሁለቱንም ስም መጻፍ እንዴት ቀላል ነበር! ማንም አይጠይቃትም፤ መምህሩም «ተባብረው ሠሩ» ይላሉ። አሴን ደስ ይለዋል። እጇ ወረቀቱ ላይ ሆና ቆየች። ከሜዳው መሐል ሴቶቹ ሲሰባሰቡ፣ አንዷ ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ ሌላዋ «አይ እንዲያ አይደለም፣ ዝቅ አድርጊው» ስትል ይሰማል።

በሁለተኛው መስመር «አሴንና ሮሲጻ» ብላ ጻፈች። ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። «ሮሲጻ ቼርኔቫ» አለች በወረቀቱ ላይ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየለየች። ከስሟ አጠገብ ለሌላ ስም የሚበቃ ቦታ ነበረ፤ ነጥብ አድርጋ ዘጋችው።

አሴን ደብተሩን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«የእጅ ጽሑፍሽ አያምርም» አለ በመጨረሻ።

«ይነበባል» አለች ሮሲጻ።